ደቻቱ ኩሬ ላይ የተቃጠለ ዘይት ሊደፉ ነው፤ ምን ይሻላል?

የደቻቱ ዳር ልጅ
አቦ ሰላም ናችሁ? ቤቴ ድሬዳዋ፣ ደቻቱ ወንዝ ዳር ነው። ባለፈው ጎርፉ ሲያልፍ፣ አሸዋ የወጣበት ጉድጓድ ውስጥ ውሃ ቀረ። ከዚያ ማታ ጀምሮ እንቅልፍ የለም፤ ጉርጦቹ አንዱ ሲያቆም ሌላው ይቀበላል። ረቡዕ ጠዋት ወርጄ አየሁ። ዳር ዳሩን ጥርት ያለ ረጅም ክር ተዘርግቷል፣ ውስጡ እንደ ጥቁር አዝሙድ የተደረደረ እንቁላል። ቅዳሜ ስመለስ ክሩ የለም፣ ጅራታቸውን የሚያወዛውዙ ጥቁር ነጥቦች ብቻ። ሳላስበው ግማሽ ሰዓት ቁጢጥ ብዬ ቀረሁ።

ጋራዥ ያለው ጎረቤታችን ግን «የቢምቢ መፈልፈያ ነው» ብሎ ሁለት ጀሪካን የተቃጠለ ዘይት አዘጋጅቷል። እሁድ ሊደፋው ነው። የእኔም ልጅ አምና ወባ ይዟት ስለነበር «ተው» የምልበት አፍ አጣሁ። በባልዲ ቀድቼ ሌላ ቦታ ብወስዳቸውስ?

በርሜል ፈታሽ
ሳቢያን ሰፈር ቤት ለቤት ውሃ ማጠራቀሚያ ስንፈትሽ ከርሜያለሁ፤ ስለዚህ ስማኝ። በ2014 ድሬን ያመሳት ወባ ላይ ስሟ የተነሳው አኖፊለስ ስቴፈንሲ የምትባለው ትንኝ ናት። እሷ የምትወደው በርሜል፣ ሮቶ፣ ለግንባታ የተጠራቀመ ውሃ ነው። የደንጊ ትኩሳት የምታመጣዋም እንደዚያው፣ ጎማና ጀሪካን ውስጥ ነው የምትፈለፈለው። ኩሬው ንጹሕ ነው አልልህም፤ ሌላ ዓይነት የወባ ትንኝ ሊራባበት ይችላል። በነጭ ሳህን ጨልፈህ እይ። የወባዋ እጭ ውሃው ላይ ጋደም ትላለች፣ የሌሎቹ ጭንቅላታቸውን ወደ ታች ዘቅዝቀው ይንጠለጠላሉ። ካገኘህ ለጤና ኤክስቴንሽኗ ንገራት።

ዘይቱን ግን ተዉት። እጩን ያፍናል፣ እውነት ነው፤ ጉርጡንም አብሮ ይጨርሳል። ቀሪው ደግሞ ወደ አሸዋው ይሰርጋል፣ እኛ ድሬዎች የምንጠጣው ደግሞ የጉድጓድ ውሃ ነው። ላሞግሳቸው ብዬም አልዋሽህም፤ ጉርጥ የሚያሳድደው ይበልጡን ጉንዳንና ምስጥ ነው፣ ቢምቢ አይጨርስልህም።

የሐረማያው
በባልዲ የምትለውን እርሳው። እንቁራሪትና ጉርጥ በቆዳቸውም ይተነፍሳሉ፣ ውሃም የሚጠጡት በቆዳቸው ነው። ያንን ቆዳ የሚያጠቃ ፈንገስ አገራችን ውስጥም ተገኝቷል፤ በእርጥብ ጫማና በባልዲ ውሃ ከቦታ ቦታ ይዛመታል። ባሌ ሐረና ጫካ ውስጥ ከዚያ ሌላ የትም የሌሉ እንቁራሪቶች አሉ፣ አንዳንዶቹ ሊጠፉ የተቃረቡ። አንተ ባልዲ ይዘህ እዚያ አትደርስም፣ ልማዱ ግን ከሁሉም ቦታ ቢቀር ይሻላል።

እኔ ያደግኩት ሐረማያ ሐይቅ አጠገብ ነው። ማታ የእንቁራሪቱ ጩኸት መስኮት ያስዘጋ ነበር፣ እናቴ ትራገም ነበር። ሐይቁ በ1990ዎቹ አጋማሽ ሲደርቅ ጩኸቱም ቀረ። ያን ጊዜ ሰው የሚያወራው ስለ ጫቱና ስለ ውሃው ነበር፣ ዝምታውን ያነሳ ሰው አላስታውስም። ውሃው በከፊል ከተመለሰ በኋላ አንድ ማታ ከሩቅ ሰማኋቸው። መኪናውን አቁሜ ወረድኩ፣ ሾፌር የሆነው ወንድሜ አበድክ አለኝ።

ከዚራ
ጉርጥ የነካ ኪንታሮት ያወጣል አይደል? ልጆቻችን በእንጨት ሲያንከባልሏቸው ነው የሚውሉት።

በርሜል ፈታሽ
ኪንታሮት የሚመጣው ከሰው ቫይረስ ነው፣ ከጉርጥ አይደለም። ከዓይኑ ጀርባ ያለው እብጠት ግን መርዝ አለው፤ ነክተው ዓይናቸውን እንዳያሹ፣ እጃቸውን ይታጠቡ። እንጨቱንም ቀማቸው።

የደቻቱ ዳር ልጅ
ወላሂ አፍሬያለሁ። ትናንት ከኩሬው በነጭ ሳህን አሥር ጊዜ ጨለፍኩ፣ የጉርጥ ልጆች ብቻ። ቤት ገብቼ የራሴን በርሜል ከፈትኩ፤ ጋደም ያሉት እዚያ ነበሩ፣ ያውም ልጄ ከምትተኛበት መስኮት ሥር! ደፍቼ፣ ግድግዳውን በብሩሽ ፈግፍጌ፣ አፉን በአሮጌ አጎበር አሰርኩት። ጎረቤቴን ጠርቼ ሳህኑን ሳሳየው ዝም አለ። ከዚያ «የእኔን ሮቶ ደግሞ እንየው» አለኝ። ዘይቱ እስካሁን ጋራዡ ውስጥ ነው። ኩሬው ደግሞ በዚህ ፀሐይ በየቀኑ አንድ እርምጃ ይሸሻል፤ ዛሬ ጠዋት የአንዳንዶቹ የኋላ እግር ብቅ ብሏል።