የልጆች ታሪክ እየጻፍኩ ነው፣ መጨረሻው ግን አልጣመኝም

የሚሚ እናት፦
ሰላም ለሁላችሁ። ለሰባት ዓመት ልጅ የሚሆን አጭር ታሪክ እየጻፍኩ ነው። ቢኒና ሰላም ጓደኛሞች ናቸው፣ ለሰፈር ውድድር የሽቦ መኪና ይሠራሉ። ቁልቁለቱ መሐል ላይ ጎማዋ ይወልቅና ይሸነፋሉ። ከዚያ የቢኒ እናት ቁጭ አድርጋ "ሰው ከስህተቱ ይማራል" ትለዋለች። አለቀ። ለልጄ ሳነብላት እዚህ ጋ ስደርስ ማዛጋት ጀመረች። ምን ይሻላል?

ቲቸር፦
እናትየዋን አውጫት። ልጆች ምክር ሲመጣ ከሩቁ ይሸታቸዋል። ይልቅ ጎማዋ ለምን ወለቀች? እዚያ ላይ ቆዪ። ቢኒ ቆርኪውን በሚስማር ሲበሳው ቀዳዳውን አስፍቶት ይሆናል፣ ወይ ደግሞ ቸኩሎ የሽቦውን ጫፍ ሳያጥፈው ቀርቶ ይሆናል። ራሱ መንገዱ ላይ ተንበርክኮ እያገላበጠ ይድረስበት። በሚቀጥለው ጫፉን ሲያጥፍ ካሳየሽን በቂ ነው፣ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ተረት ወዳድ፦
ቲቸር ልክ ነው። የቂሉ ማሞን ተረት አስቢው እስቲ። ሳንቲሙን ሲጥል እናቱ "ኪስህ አትከተውም ነበር?" ትለዋለች፣ በሌላው ቀን የሚሰጡት ወተት ሲሆን ኪሱ ውስጥ ገልብጦት ቁጭ! ምክሩ ትክክል ነው፣ የትናንት ሆነበት እንጂ። ልጆች የሚስቁት ከማሞ ቀድመው ስለሚነቁ ነው፣ ማንም "ስለዚህ ልጆች" ብሎ አላስረዳቸውም። ሁሉም ተረታችን ግን ለዚህ አይሆንም። ብዙዎቹ ላይ የተሸነፈው እንስሳ ወይ ይበላል ወይ ሞኝ ተብሎ ይቀራል፣ ሁለተኛ ዕድል የሚባል ነገር የለም።

ማሂ፦
እኔ ደግሞ ጓደኝነቱ አልታየኝም። ሰላም ምን ትሠራለች? ዝም ብላ አብራው ቆማለች። ትናደድበት እንጂ! "ነግሬህ ነበር" ትበለው። ይኮራረፉ፣ በሌላ ልጅ በኩል "ሽቦዬን መልሺልኝ በላት" እየተባባሉ ይላላኩ። ስትታረቅም የይቅርታ ንግግር አታሰሚን፣ ሁለት ቆርኪ ይዛ መጥታ አጠገቡ ትቀመጥ። የኔዎቹ የሚታረቁት እንደዚህ ነው፣ ማን እንደጀመረው እንኳን አያነሱትም።

የሚሚ እናት፦
እናትየዋ ወጥታለች፣ ኩርፊያው ገብቷል። ትናንት ማታ ሳነብላት "ሽቦዬን መልሺልኝ" የሚለው ጋ አቋረጠችኝና "ቆይ ሽቦው የማን ነው?" አለችኝ። የማን ላድርገው?

ማሂ፦
ከሰላም ቤት አጥር የተነቀለ ይሁን። አባቷ እየፈለገው 😂