ነፃ ካርታ በስፖርት ሰዓት ላይ ስለ መጫን፦ ለባሌ ተራሮች የእግር ጉዞ

ጥያቄ፦ ዲንሾ ናፋቂ

ጤና ይስጥልኝ። በዚህ ጉዳይ ልምድ ያላችሁ ሰዎች እንድትረዱኝ በትሕትና እጠይቃለሁ። የምኖረው ጀርመን ሲሆን፣ በመጪው ጥር ከታላቅ ወንድሜ ጋር ከዲንሾ ተነሥተን፣ ሶዶታና ራፉ በሚባሉት የማደሪያ ቦታዎች በኩል ሳነቴ አምባ ላይ ወጥተን፣ ቱሉ ዲምቱን ረግጠን በጎባ በኩል ለመመለስ አስበናል። አስጎብኚ ይዘን እንደምንሄድ ግልጽ ነው፤ ነገር ግን ሳነቴ ላይ ጉም በድንገት እንደሚወርድ ከዚህ ቀደም የሄዱ ወዳጆቼ ስለነገሩኝ፣ የቆምኩበትን ቦታ በእጄ ላይ ማየት ብችል ደስ ይለኛል።

ሰዓቴ ጋርሚን ፌኒክስ 6 ፕሮ ነው። የገዛሁት እዚሁ በመሆኑ አብሮት የመጣው ዝርዝር ካርታ የአውሮፓ ነው፤ ለኢትዮጵያ የሚያሳየው ዋና ዋና መንገዶችንና ከተሞችን ብቻ የያዘውን መነሻ ካርታ ነው። ከሌላ ምንጭ የተዘጋጀ ነፃ ካርታ መጫን እንደሚቻል አንብቤአለሁ፤ ይሁን እንጂ ሕጋዊ መሆኑን፣ በሰዓቱ ላይ ያለውን የአውሮፓ ካርታ ያጠፋብኝ እንደሆነ፣ እንዲሁም የከፍታ መስመሮች (እኩል ከፍታ ያላቸውን ቦታዎች የሚያገናኙት) አብረው ይመጡ እንደሆነ አላወቅሁም። ኮምፒውተሬ ማክ ነው። በኢንተርኔት ‹ሙሉ የአፍሪካ ካርታ› በገንዘብ የሚሸጥ ሰውም አግኝቼ ነበር፤ ከነፃው የሚሻል ከሆነ ከመክፈል ወደ ኋላ አልልም።

መልስ፦ ባለ ኮምፓስ

ጠያቂያችን፣ ያሰቡት ይቻላል፤ ሕጋዊም ነው። ኦፕንስትሪትማፕ እ.ኤ.አ. በ2004 በእንግሊዝ አገር የተጀመረ፣ ፈቃደኞች የሚያውቁትን መንገድ፣ ወንዝና መንደር እየመዘገቡ የሚያሳድጉት የዓለም ካርታ ነው። ከ2012 ጀምሮ መረጃው የሚሰራጨው በክፍት የመረጃ ቋት ፈቃድ ስለሆነ፣ ምንጩን እስከጠቀሰና የፈቃዱን ግዴታ እስከጠበቀ ድረስ ማንም ሰው ወስዶ የጋርሚን ሰዓት በሚያነበው ቅርጽ ሊያዘጋጀው ይችላል። ነፃ የሚባሉት ካርታዎች ሁሉ ማለት ይቻላል ከዚህ አንድ ምንጭ የተቀዱ ናቸው፤ የሚለያዩት በቀለማቸው፣ በምልክቶቻቸውና የከፍታ መስመር በመያዝ አለመያዛቸው ነው። ስለዚህ ለሻጩ አይክፈሉ። እኔ ከዓመታት በፊት ከአንድ ሻጭ የአፍሪካ ካርታ ገዝቼ ስከፍተው፣ ውስጡ ያለው ያው ኦፕንስትሪትማፕ ሆኖ አገኘሁት፤ ያውም ያረጀ ነበር። ከዚህ የከፋው ደግሞ የሌላ ድርጅትን የተቆለፈ ካርታ ሰብሮ የሚሸጥ መኖሩ ነው፤ ያ ስርቆት ነው።

ለእርስዎ ጉዞ የምመርጠው፣ ከዚሁ መረጃ ካርታ የሚሠራው ኦፕንቶፖማፕ ለጋርሚን መሣሪያዎች ያዘጋጀውን ነው። በአገር በአገር ተከፋፍሎ ስለሚገኝ ኢትዮጵያን ብቻ ማውረድ ይችላሉ፤ ካርታውና የከፍታ መስመሮቹ ግን በሁለት የተለያዩ ፋይሎች ስለሚቀመጡ ሁለቱንም መውሰድ እንዳይረሱ። ጠባብ አካባቢ ብቻ ከፈለጉ ቢቢባይክ የተባለው አገልግሎት በካርታ ላይ አራት ማዕዘን እንዲያሰምሩ ያደርግና፣ የመረጡትን ቅርጽ አዘጋጅቶ የማውረጃውን አድራሻ በኢሜይል ይልክልዎታል። ከዚያ የሚመጣው ፋይል የታመቀ ስለሆነ መጀመሪያ መፍታት ያስፈልጋል፤ ሰዓቱ የሚያነበው በአይኤምጂ የሚያልቀውን ፋይል እንጂ የታመቀውን ጥቅል አይደለም።

አጫጫኑ ፋይል ከመገልበጥ የዘለለ አይደለም። ሰዓቱን በገመድ ከኮምፒውተሩ ጋር ያገናኙና፣ ጋርሚን በሚለው ፎልደር ውስጥ ሁለቱን ፋይሎች ያስቀምጡ። እዚህ ላይ ማክ ተጠቃሚዎችን የሚያደናግር ነገር አለ፦ ሙዚቃ የሚይዙት የጋርሚን ሰዓቶች፣ የእርስዎም ጭምር፣ እንደ ፍላሽ ዲስክ ሳይሆን ኤምቲፒ በተባለው ስልት ስለሚገናኙ ማክ በራሱ አያያቸውም። ኦፕንኤምቲፒ የተባለውን ነፃ ፕሮግራም ጭነው በእርሱ በኩል ይግቡ፤ ጋርሚን ኤክስፕረስ የተባለው የአምራቹ የኮምፒውተር ፕሮግራም ክፍት ከሆነ ግን ግንኙነቱን ስለሚይዘው አስቀድመው ይዝጉት። ገመዱም መረጃ የሚያስተላልፍ መሆን አለበት። በገበያ ላይ ባትሪ ብቻ የሚሞሉ ብዙ ገመዶች ስላሉ፣ ሰዓቱ እየሞላ ኮምፒውተሩ ግን ካላወቀው ጥፋቱን ከፕሮግራሙ በፊት ከገመዱ ይፈልጉ።

የአውሮፓው ካርታ አይጠፋም፤ እርስዎ በእጅዎ እስካልሰረዙት ወይም በላዩ ላይ ተመሳሳይ ስም ያለው ፋይል እስካልጻፉበት ድረስ በቦታው ይኖራል። ከቢቢባይክ የሚመጣው ፋይል ብዙውን ጊዜ ጂማፕሰፕ በሚለው የተለመደ ስም ስለሚመጣ፣ ከመገልበጥዎ በፊት ‹ባሌ› ብለው በላቲን ፊደል ቢሰይሙት ከሌላው ጋር አይጋጭም። ከሁሉ በፊት ግን የጋርሚን ፎልደሩን እንዳለ ወደ ኮምፒውተርዎ ይቅዱ። የማያውቁትን ፋይል ፈጽሞ አይሰርዙ፤ ከመነሻ ካርታው ጀምሮ ለሰዓቱ ሥራ የሚያስፈልጉ ፋይሎች እዚያው ተደባልቀው ይገኛሉ። ቦታ አያሳስብዎት፤ የሰዓትዎ ማከማቻ 32 ጊጋባይት ነው።

መልስ፦ የቆቃ ሯጭ

እኔ ደግሞ ይህን አንብቦ ለሚቸኩል ሰው አንድ ነገር ልጨምር። ካርታ የሚቀበሉት ሁሉም ሰዓቶች አይደሉም። ፌኒክስ 6 ‹ፕሮ› ወይም ‹ሳፋየር› የሚለው ቃል ከሌለው ካርታ የለውም፤ ፎርራነር ከሚባሉት የጋርሚን የሩጫ ሰዓቶች 945፣ 955 እና 965 ካርታ ሲኖራቸው፣ እኔ የምይዘው 255 ግን የለውም። ፋይሉን ብንገለብጥለት እንኳ የሚያነብበት ፕሮግራም ስለሌለው ምንም አይታይም። እንዲህ ላለው ሰዓት ያለው መፍትሔ የጉዞውን መስመር በጂፒኤክስ ፋይል አዘጋጅቶ መጫን ነው፤ ባዶ ሰሌዳ ላይ መስመሩና እኛ ያለንበት ነጥብ ይታያል፤ ከመስመሩ ስንወጣም ያስጠነቅቃል። ሌሎቹ ሰዓት አምራቾች ሱንቶ፣ ፖላርና ኮሮስ በየራሳቸው ቅርጽ ስለሚሠሩ፣ ከላይ የተገለጸው ፋይል ለእነርሱ አያገለግልም።

መልስ፦ ፊደል ቆጣሪ

ባለ ኮምፓስ የተናገሩት ሁሉ ትክክል ሆኖ ሳለ፣ የእኛን አገር ካርታ በሰዓት ላይ የሚከፍት ሰው የሚገጥመውን አንድ ጉዳይ ሳይነሣ ማለፍ አልወደድኩም፤ ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው እርሱ ነውና። በኦፕንስትሪትማፕ ላይ እያንዳንዱ ቦታ አንድ ዋና ስም አለው፤ ከእርሱ ጎን ደግሞ የአማርኛ፣ የኦሮምኛ፣ የእንግሊዝኛ እየተባለ በቋንቋ የተለየ ስም ሊመዘገብለት ይችላል። በአገራችን ካርታ ላይ ዋናው ስም አንዳንዱ በግዕዝ ፊደል፣ አንዳንዱ በላቲን፣ አንዳንዱም በሁለቱም ተደርቦ ተጽፏል። ለሰዓት የሚዘጋጅ ካርታ ደግሞ ስሞቹን የሚይዘው በአንድ የተወሰነ የፊደል ሰንጠረዥ ነው፤ ሰንጠረዡ የምዕራብ አውሮፓ ፊደላት ብቻ ከሆነ ‹ጎባ› የሚለው ቃል የሚቀመጥበት ቦታ የለውም። ሰንጠረዡ ሰፊ ቢሆን እንኳ፣ በሰዓቱ ውስጥ የግዕዝ ፊደል ቅርጽ ከሌለ ስሙ ባዶ ሣጥን ሆኖ ይወጣል። በእኔ ሰዓት ላይ የሆነው ይኸው ነው፤ ወንዙም መንገዱም በትክክል ተሥሎ፣ መንደሮቹ ግን ስም የለሽ ሆኑብኝ። አንድ ሰው በጉም መካከል ቆሞ ከፊቱ ያለው መንደር ማን እንደሚባል ካላወቀ፣ መንገድ ለመጠየቅ እንኳ ይቸገራል።

መፍትሔው፣ ጥቂት ትዕግሥት ላለው ሰው፣ ካርታውን ራሱ መሥራት ነው። ጂኦፋብሪክ የተባለው የጀርመን ድርጅት የኢትዮጵያን የኦፕንስትሪትማፕ መረጃ ለብቻው ቆርጦ በየቀኑ እያደሰ በነፃ ያቀርባል። ኤምኬጂማፕ የተባለው ነፃ ፕሮግራም ይህን መረጃ ወደ ጋርሚን ካርታ ይቀይራል፤ ጃቫ በተጫነበት በማንኛውም ኮምፒውተር ላይ ይሠራል። ትእዛዙን ስንሰጠው የስሞችን ቅደም ተከተል መወሰን እንችላለን፤ ለምሳሌ መጀመሪያ የእንግሊዝኛውን ስም ፈልግ፣ ካጣህ የኦሮምኛውን፣ እርሱም ከሌለ ዋናውን ውሰድ ልንለው እንችላለን። የባሌ አካባቢ ስሞች በቁቤ ሲጻፉ በላቲን ፊደል ስለሆኑ፣ ሰዓቱ ያለችግር ያሳያቸዋል፤ የአካባቢው ሰው ራሱ የሚጽፈውም እንዲሁ ነው። የግዕዝ ፊደልን የሚያሳይ ሰዓት እስኪመጣ ድረስ እኔ በዚህ መንገድ እጠቀማለሁ፤ እርስዎ ይህን ሁሉ ካልፈለጉ ግን ጉዞዎን ከመጀመርዎ በፊት ስም የሌላቸውን ቦታዎች በስልክዎ ላይ አመሳክረው በማስታወሻ ይያዟቸው።

ዲንሾ ናፋቂ፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የጋርሚን ፎልደሩን ቀድቼ ካስቀመጥሁ በኋላ ሁለቱን የኦፕንቶፖማፕ ፋይሎች ገለበጥሁ። መጀመሪያ ኮምፒውተሩ ሰዓቱን አላየውም ነበር፤ እንደተባለው ችግሩ የገመዱ ሆኖ ከሣጥኑ ጋር የመጣውን ስጠቀም ተስተካከለ። አሁን ግን ሰዓቱን አስነሥቼ ካርታውን ወደ ጎባ ስገፋው የሚታየኝ ያው የቀድሞው መነሻ ካርታ ነው። ፋይሎቹ በቦታቸው አሉ። ምን የጎደለ ነገር አለ?

መልስ፦ ባለ ኮምፓስ

ምናልባት ካርታው ተጭኖ ሳይበራ ቀርቶ ይሆናል። በሰዓቱ ላይ የእግር ጉዞ የሚለውን እንቅስቃሴ ይክፈቱ፤ በማስተካከያው ውስጥ ካርታ የሚለውን፣ ቀጥሎም ካርታዎችን ማዋቀሪያ የሚለውን ሲመርጡ በሰዓቱ ላይ ያሉት ካርታዎች በስም ይዘረዘራሉ። የኢትዮጵያውን ካርታም የከፍታ መስመሩንም ያብሩ፤ መስመሩ ከሥሩ ያለውን ሳይሸፍን በካርታው ላይ የሚነጠፍ ስለሆነ ብቻውን ቢበራ ትርጉም አይሰጥም። የአውሮፓውን ለጉዞው ጊዜ ያጥፉት፤ የበሩት ካርታዎች ሲበዙ ሰሌዳው እስኪሣል ድረስ የሚወስደው ጊዜ ይረዝማል። ማስተካከያው ለእያንዳንዱ እንቅስቃሴ ለብቻው ሊሆን ስለሚችል፣ በሩጫ ላይ ያበሩት በእግር ጉዞ ላይ በርቷል ብለው አይመኑ።

ስለ ባትሪም ልናገር። አምራቹ ለሰዓትዎ ያስቀመጠው ጂፒኤስ በርቶ እስከ 36 ሰዓት ነው፤ ነገር ግን ካርታውን ደጋግሞ መግፋትና ማጉላት ይህን ያሳጥረዋል፤ የሳነቴ የጥር ሌሊት ደግሞ ከዜሮ በታች ስለሚወርድ ብርዱ ራሱ ባትሪ ይበላል። ሌሊት ሰዓቱን ከእጅዎ ሳያወልቁ በመኝታ ከረጢት ውስጥ ይደሩ፤ ተንቀሳቃሽ ባትሪውንም እንዲሁ ከሰውነትዎ አያርቁት።

ዲንሾ ናፋቂ፦

በርቶልኛል! የከፍታ መስመሮቹ፣ ከጎባ ወደ ዶሎ መና የሚሻገረው መንገድ፣ የቱሉ ዲምቱ ጫፍ ሁሉ ይታያሉ። ጥቂት መንደሮች ፊደል ቆጣሪ እንዳሉት ባዶ ሆነው ስላገኘኋቸው ስማቸውን በወረቀት ይዣለሁ። ወንድሜ ከሳነቴ ወርደን ሐረና ደን ውስጥ አንድ ቀን እንድናሳልፍ ስለፈለገ፣ የከፍታ መስመሮቹ እዚያም እንዲሁ የሚታመኑ መሆናቸውን ብትነግሩኝ እወዳለሁ።

መልስ፦ የጎባ አስጎብኚ

እንኳን ደስ አለዎት፤ ወደ እኛም በሰላም ይምጡ። በሥራዬ ከእንግዶች ጋር ሰዓታቸውን እያየሁ ስለምሄድ፣ የሚታመነውንና የማይታመነውን ለይቼ ልንገርዎት።

የነፃ ካርታዎች የከፍታ መስመር በአብዛኛው የሚወጣው እ.ኤ.አ. በየካቲት 2000 ኢንዴቨር የተባለችው መንኮራኩር በ11 ቀናት በራዳር ከለካችው መረጃ ነው። ሳነቴ ላይ ያለው ዕፅ አጭር ስለሆነ ራዳሩ የነካው መሬቱን ነው፤ መስመሮቹም ከመሬቱ ጋር በደንብ ይስማማሉ። ሐረና ግን ጥቅጥቅ ያለ ደን በመሆኑ ራዳሩ በብዛት የተመለሰው ከዛፎቹ አናት አካባቢ ነው፤ ስለዚህ የሚታየው ቁመት ከመሬቱ ከፍ ያለ፣ ትንንሽ ሸለቆዎችም የተደፈኑ ሆነው ይታያሉ። በዚያ ላይ በቅጠሉ ሥር የሳተላይቱ ምልክት ስለሚዳከም ነጥብዎ ወዲያና ወዲህ ትላለች። በደኑ ውስጥ ሰዓቱን አቅጣጫ ለማወቅ ይጠቀሙበት እንጂ የጅረት መሻገሪያ ለመምረጥ አይጠቀሙበት።

በካርታው ላይ በነጠብጣብ የተሣሉት የእግር መንገዶችም ሁሉም የሰው መንገድ አይደሉም። አንዳንዶቹ ከሳተላይት ፎቶ ላይ ታይተው የተሣሉ የከብት ዱካዎች ናቸው፤ አንዱ ወደ ሣር ይወስዳል፣ ሌላው ረግረግ ላይ ያልቃል። በአንጻሩ የእኛ ሰው በየዕለቱ ወደ ገበያ የሚሄድባቸው ጥሩ መንገዶች በካርታው ላይ የሌሉ አሉ። ሰዓቱና አስጎብኚው ካልተስማሙ አስጎብኚውን ይከተሉ።

አንድ ነገር ልለምንዎት። ከዲንሾ ጀምሮ ጉዞዎን በሰዓቱ ይቅዱት፤ በተለይ በሶዶታና በራፉ መካከል ያለውን። ከተመለሱ በኋላ የተቀዳውን መስመር ወደ ኦፕንስትሪትማፕ አስገብተው፣ የሄዱበትን መንገድ በላዩ ላይ ቢሥሉና የውሃ ቦታዎቹን አስጎብኚዎ በነገሩዎት ስም፣ በቁቤም በግዕዝ ፊደልም ቢመዘግቡ፣ ከእርስዎ በኋላ የሚመጣው ሰው የሚያወርደው ካርታ ላይ ያገኛቸዋል። ሌሎች ሰዎች ያስገቧቸው መስመሮች እዚያው ስላሉ፣ አዲስ ከመሣልዎ በፊት ቀድሞ የተሣለ መኖሩን ይመልከቱ፤ ካለም ሳይሰርዙ ያስተካክሉት።