የጡረተኞች ክበብ የከተማ ጉዳይ ሲያነሳ እንዳይከፋፈል ምን ይደረግ?

የክበቡ ጸሐፊ
ሰላም ለሁላችሁ። ክበባችን የጡረተኛ ወንዶች ነው፤ 70 ያህል አባል አለን፣ በወር አንዴ እንሰበሰባለን። እስካሁን ሥራው ቼዝ፣ የእግር ጉዞና እንግዳ ተናጋሪ ነበር። አሁን በእግረኛ መንገድ፣ በትራፊክ መብራትና በበጀት ላይ ድምፃችን ይሰማ የሚሉ በዝተዋል። ሌሎቹ ደግሞ ፖለቲካ ገብቶ ይበትነናል ባይ ናቸው። መተዳደሪያ ደንባችን ስለዚህ የሚለው የለም። ምን ዓይነት አንቀጽ ይግባ? ምክር ቤት ስንቀርብስ ምን ይዘን እንቅረብ?

ቃለ ጉባኤ
መስማትንና አቋም መያዝን ለዩ። የውሃ ክፍሉን ኃላፊ ጋብዞ ለማዳመጥ የማንም ድምፅ አያስፈልግም፤ በክበቡ ስም ደብዳቤ ለመጻፍ ግን ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ እንግሊዝ አገር የተጀመሩት ፕሮባስ የሚባሉ የጡረተኞች ክበቦች እንደ ክበብ ፖለቲካ ውስጥ አይገቡም፤ እንግዳ ተናጋሪ ግን ዋና ሥራቸው ነው። ይህ አንዱ መንገድ ነው። እናንተ ከዚያ አልፈን እንሂድ ካላችሁ ደንባችሁ ላይ የሚከተለው ይግባ።

ክበቡ ዕጩም ሆነ ፓርቲ አይደግፍም፣ አይቃወምም። አቋም የሚያዘው በጽሑፍ በቀረበ የውሳኔ ሐሳብ ብቻ ሆኖ፣ ሐሳቡ ከስብሰባው 14 ቀን በፊት ለአባላት ይላካል። ምልዓተ ጉባኤ ከተሟላ በኋላ ከተገኙት ሁለት ሦስተኛው ሲደግፈው ያልፋል። ተራ አብላጫ ድምፅ አይበቃም፦ 45 ሰው ተገኝቶ 23 ለ22 ቢያልፍ፣ 22 ሰው ያልተስማማበት ደብዳቤ በስሙ ወጣ ማለት ነው። በሁለት ሦስተኛ ግን 30 ድምፅ ይጠይቃል። ድምፀ ተዓቅቦ እንዴት እንደሚቆጠርም ከወዲሁ ይጻፍ፤ ጭቅጭቁ ሁሌም የሚነሳው እዚያ ላይ ነው።

ሐሳቡ ከወደቀ፣ የፈለገ በግል ስሙ ይፈርም፤ የክበቡ ማኅተምና አርማ ግን አይነካም። ሊቀመንበሩም በግሉ ሲናገር ማዕረጉን አይጥቀስ። አንዴ «የክበቡ ሊቀመንበር ነኝ» ካለ፣ በማግስቱ ወሬው «ክበቡ ተቃወመ» ይሆናል፤ ያንን በማስተባበያ መመለስ ከባድ ነው። ክበባችሁ የተመዘገበበትን ሕግም እዩት፤ በብዙ አገር ከግብር ነጻ የሆነ ማኅበር በምርጫ ጉዳይ ላይ ገደብ አለበት።

ሜትር በእጄ
ቃለ ጉባኤ ያሉት ደንቡን ይመልሳል። ይዛችሁ የምትቀርቡትን በተመለከተ፦ ቅሬታ ሳይሆን ልኬት ያዙ። «መብራቱ ቶሎ ይዘጋል» ማንም ይላል። ማቋረጫውን ከአንዱ የጠርዝ ድንጋይ እስከ ሌላው ለኩ፤ 12 ሜትር ነው እንበል። በብዙ ቦታ ለእግረኛ የሚሰጠው ጊዜ በሴኮንድ 1.2 ሜትር በሚራመድ ሰው ነው የሚሰላው፤ ስለዚህ 10 ሴኮንድ ይመደባል። ከዘራ የያዘ ሰው 0.8 ሜትር ቢራመድ 15 ሴኮንድ ያስፈልገዋል፤ አረንጓዴው ሲያበቃ ገና 8 ሜትር ላይ ነው፣ 4 ሜትር ቀርቶታል። ይህን ለትራፊክ መሐንዲስ ስትነግሩት ወዲያው ይገባዋል፤ ሰዓቱን ማስተካከልም ብዙ ጊዜ አስፋልት መቆፈር አይፈልግም።

አለካኩ ላይ ጥንቃቄ፦ የስልክ ሰዓት ቆጣሪ ይበቃል፣ ግን ጠዋት፣ እኩለ ቀንና ማታ ደጋግማችሁ ለኩ። መብራቱ በየሰዓቱ የተለያየ ፕሮግራም ሊኖረው ስለሚችል፣ በአንድ ልኬት ብቻ ከመጣችሁ «የለካችሁት በሌላ ሰዓት ነው» ብለው ይመልሷችኋል። የእግረኛ መንገድ ስፋት ደግሞ ምሰሶው ያለበት ጠባቡ ቦታ ላይ ይለካ፤ ለተሽከርካሪ ወንበር ከ90 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ ችግር ነው። ራምፕ (ለተሽከርካሪ ወንበር የሚሠራ መወጣጫ) ከሆነ 1 ለ12 ተዳፋት አስቡ፤ 15 ሴንቲ ሜትር ከፍታ 1.8 ሜትር ርዝመት ይፈልጋል። ፎቶ ስታነሱ ሜትሩ ፎቶው ውስጥ ይታይ።

የክበቡ ጸሐፊ
እግዜር ይስጥልኝ። ይህን የሚከታተል ኮሚቴ ስንት ሰው ይሁን?

ረቂቅ በጀት
አምስት ይበቃል፤ ከዚያ ከበዛ ራሱ ሌላ ክበብ ይሆናል። ለእያንዳንዱ አንድ ጉዳይ ስጡት፦ ምክር ቤት፣ የከተማ ፕላን፣ ውሃና ፍሳሽ፣ መንገድ፣ በጀት። አጀንዳው ሲለጠፍ አንብቦ በወርኃዊው ስብሰባ በ5 ደቂቃ ይንገራችሁ። ከ5 ደቂቃ ካለፈ ቼዝ የመጡት ይነሳሉ።

ከሁሉም የሚበልጠው ጊዜው ነው። ብዙ ክበብ ምክር ቤቱ ድምፅ በሚሰጥበት ምሽት አዳራሹን ሞልቶ ይመጣል፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው ነገሩ። ነገሩ የተወሰነው ረቂቁ በምክር ቤቱ ኮሚቴ ሲታይ ነው። በጀት ከሆነ፣ የመምሪያዎቹ ጥያቄ በጀት ዓመቱ ከመጀመሩ ወራት በፊት ይሰበሰባል፤ የራምፑ ነገር እዚያ ካልገባ «በሚቀጥለው ዓመት» ነው መልሱ። ስለዚህ የበጀት ቀን መቁጠሪያውን ከከተማው ጽሕፈት ቤት ጠይቁና የክበቡን የውሳኔ ሐሳብ ከዚያ ወደ ኋላ ቆጥራችሁ አቅዱ፤ የ14 ቀኑም ማስታወቂያ ጊዜ ይበላል።

በምክር ቤቱ ስብሰባ ብዙውን ጊዜ ለአንድ ተናጋሪ 3 ደቂቃ ነው የሚሰጠው። ጽሑፋችሁ ከ250 ቃል አይብለጥ፤ ድምፅ አውጥታችሁ በሰዓት አንብቡት። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር የአጀንዳውን ቁጥርና የምትጠይቁትን አንድ ነገር ይያዝ። አራት ሰው አንድ ዓይነት ንግግር ከሚደግም አንዱ ይናገር፣ ሌሎቹ ሲጠሩ ከመቀመጫቸው ይነሱ። ልኬቱን በወረቀት ለእያንዳንዱ የምክር ቤት አባልና ለምክር ቤቱ ጸሐፊ ስጡ፤ ቃለ ጉባኤ ላይ ተያይዞ የሚቀመጠው ወረቀቱ እንጂ ንግግሩ አይደለም።

ቃለ ጉባኤ
ስለ እንግዶቹ አንድ ልጨምር። ምርጫ ሲቃረብ ዕጩ የምትጋብዙ ከሆነ ሁሉንም በአንድ ቀን፣ በእኩል ደቂቃ፣ ሰዓት የሚይዝ ሰው አስቀምጣችሁ ይሁን። ጥያቄ በወረቀት ይሰብሰብ፤ አለበለዚያ «ጥያቄ አለኝ» ያለው አባል ንግግር ያደርጋል። ማይክ ደግሞ ከጠያቂው አጠገብ የሚዞር ተጨማሪ አንድ ይኑር። ከአዳራሹ ግማሹ መስማት የሚያዳግተው ነው፤ ጥያቄውን ያልሰማ ሰው መልሱን በራሱ መንገድ ተረድቶ ወደ ቤቱ ይሄዳል።