ክርክር፦ «ስካን አድርገው 5 ኮከብ ይስጡን»፤ ለሐዋሳ ይበጃታል?

ጥያቄውን ያነሳችው፦
ሰላም የሐዋሳ ልጆች። ቅዳሜ እናቴን ይዤ ሐይቅ ዳር ዓሣ ልንበላ ወጣን። ጠረጴዛው ላይ ሁለት ኪውአር ኮድ (በስልክ ካሜራ የሚነበብ ምልክት) ተለጥፏል። አንዱ የቴሌብር መክፈያ ነው፤ ሌላው «አስተያየትዎን ጎግል ላይ ይስጡን» ይላል። እናቴ «እንዳትነኪው፣ ብር ይቆርጥብሻል» አለችኝ። ሂሳብ ስንጠይቅ አስተናጋጇ መጥታ አጠገቤ ቆመች። «የኔ እህት፣ 5 ኮከብ አድርጊልኝ፤ በቀን 10 ካላመጣሁ ይቆጡኛል» አለች። ጥብሱ ደርቆ ነበር፣ ሾርባው ቀዝቅዟል። የልጅቷን ፊት አይቼ 5 ሰጠሁ። እስከዛሬ ይቆጨኛል። ከአዲስ አበባ የሚመጣ ሰው የኔን 5 አይቶ እዚያ ቤት ይገባል። ኮዱ ይኑር፤ ሠራተኛ ኮከብ እንዲለምን ማስገደድ ግን ይቅር እላለሁ። እናንተስ?

የካፌ ባለቤት፣ ፒያሳ፦
እህቴ፣ እኛንም ተረጂን። ቤቴ ውስጥ ለውስጥ ነው፤ እንግዳ የሚያገኘኝ በጎግል ማፕ ነው። 3 ሰው ብቻ የጻፈለት ቤት ማን ይገባል? ድሮ የአስተያየት ሳጥን ነበረኝ፤ ወር ቆይቼ ስከፍተው ባዶ ነው። ደስ ያለው ደንበኛ አመስግኖ ይሄዳል፤ ቁጭ ብሎ የሚጽፈው የተናደደው ነው። ካልጠየቅን ስማችን በተናደደ ሰው እጅ ይቀራል። እኔ ለጻፈልኝ ማኪያቶ እጋብዛለሁ። ምኑ ላይ ነው ጥፋቱ?

ሶፍትዌር የሚሠራ፦
ወንድሜ፣ መጠየቁ ጥፋት የለውም። ሊንኩንና ኪውአር ኮዱን ጎግል ራሱ በነፃ ያዘጋጅልሃል። አስተያየትን በማኪያቶ ወይም በቅናሽ መለወጥ ግን በጎግል ደንብ ክልክል ነው። ደስ ያለውን ብቻ መርጦ መጠየቅም እንደዚያው። አንዳንድ ቤት ኮዱ መጀመሪያ «ተደስተዋል?» ይላል። «አዎ» ያለውን ወደ ጎግል፣ «አይ» ያለውን ወደ ራሳቸው ፎርም ይወስደዋል። ይሄም አይፈቀድም። ከተደረሰበት የሰበሰብከው ሁሉ ሊጠፋ ይችላል። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው ደንብ ደግሞ ሐሰተኛ አስተያየት የገዛንም የሸጠንም በገንዘብ ያስቀጣል።

ኪውአር ኮድ ራሱ በጃፓኑ ኩባንያ ዴንሶ ዌቭ እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣው የመኪና ዕቃ ለመከታተል ነው። በደንብ ከተዘጋጀ እስከ 30 በመቶ ገደማ ቢበላሽ እንኳ ሊነበብ ይችላል፤ ዘይት ቢነካውም ችግር የለም። የሚያስፈራኝ ሌላ ነው። ላዩ ላይ ሰው የራሱን ስቲከር ቢለጥፍስ? የመክፈያ ኮድ አጠገቡ ካለ ደግሞ ይብሳል። የእናትሽ ፍርሃት ከንቱ አይደለም። ባለቤቶች፣ ጠዋት ስትከፍቱ ኮዱን ራሳችሁ ስካን አድርጋችሁ ወዴት እንደሚወስድ እዩ።

አስተናጋጅ ነኝ፣ ስሜ ይቅር፦
ይሄን ሳነብ እንባዬ መጣ። እሁድ ቀን ትሪ ተሸክሜ በጠረጴዛዎች መሃል እሮጣለሁ። የእንግዳው እጅ ዳጣና ዘይት ነው፤ እንዴት ብዬ ስልክህን አውጣ እለዋለሁ? አንዱ ዳታ የለውም። አንዱ ጂሜይሉን ስልክ የገዛበት ሱቅ ከፍቶለት ፓስወርዱን አያውቀውም። አባት የሚሆኑኝ ሰውዬ ስልካቸውን ሰጥተውኝ «አንቺው ጻፊው ልጄ» አሉኝ። ጻፍኩት። በሰው ስም ራሴን አመሰገንኩ። በጣም አፈርኩ። ማታ አለቃዬ ስልኩን ከፍቶ አንድ በአንድ ይቆጥራል። እኛ ቤት ቲፕ አፍ አውጥቶ መጠየቅ ነውር ነው፤ ኮከብ መለመን እንዴት ሥራ ሆነ?

አስጎብኚ፦
አይዞሽ እህቴ። ግን ኮዱን አንጥላው። ሐይቁ ላይ አንድ ጀልባ ነጂ አውቃለሁ፤ ኮዱን ላሚኔት አስደርጎ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎታል። ማንንም አይለምንም። ሰው ከጀልባው ወርዶ ሲደሰት ራሱ ይጠይቀዋል። «ላይፍ ጃኬት ሳያስለብስ አይነሳም» ብለው የጻፉለት አሉ። አሁን ፈረንጆቹ እሱን በስም እየጠየቁ ይመጣሉ። ማስታወቂያ ለማሠራት አቅም የሌለው ሰው ነው።

መምህር፦
የኔ ሐሳብ ስለ ስም ነው። ካልቀየርከው የጎግል አካውንትህ ስም ነው የሚወጣው። ከተማችን ደግሞ ሁሉም የሚተዋወቅባት ናት። አንድ ጊዜ «ሻዩ ቀዝቃዛ ነበር» ብዬ ጻፍኩ፤ ባለቤቱ በማግስቱ ደውሎ ወቀሰኝ። ስለዚህ የአስተያየት ደብተርም ሳጥንም ይቀመጥ። ስልክ ለሌለው ሰውም ይሆናል።

የካፌ ባለቤት፣ ፒያሳ፦
ማኪያቶውን ከነገ ጀምሮ አቆማለሁ። ደንቡን አላውቀውም ነበር። ኮዱን ከጠረጴዛ አንስቼ መውጫው በር ላይ አደርገዋለሁ፤ የፈለገ ሲወጣ ያየዋል። ሠራተኛ ላይ ኮታ ግን ጥዬ አላውቅም፣ አልጥልምም። ቅሬታ ለሚጽፍም እዚያው መልስ እሰጣለሁ፤ ደውዬ አልወቅስም። ደብተሩ ላይ አልስማማም፤ ማንም አይጽፍበትም።

ጥያቄውን ያነሳችው፦
አስተናጋጇ እህቴ የጻፈችውን ሦስቴ አነበብኩት። አሁን ጎግል ላይ ገብቼ የኔን አስተያየት አስተካከልኩ፤ 3 አደረግኩት። ጥብሱ መድረቁን፣ ሾርባው መቀዝቀዙን ጻፍኩ። ያስተናገደችን ልጅ ትሁት መሆኗንም ጨመርኩ። «እባካችሁ ኮከብ አታስለምኗት» ብዬ ግን ልጽፍ ስል እጄ ተያዘ። እሷ የነገረችኝ ይመስላቸውና ቢያባርሯትስ? ምን ብዬ ልጻፈው?