ኡኩሌሌ ላይ የሃርሞኒክ ሜጀር ኮርዶችና አንቺ ሆዬ

ባለክር ጎንደር፦
ጤና ይስጥልኝ። መሣሪያዬ ሶፕራኖ ኡኩሌሌ (ትንሽ ባለ አራት ክር ጊታር መሰል) ነው፤ የተቃኘው ሶል-ዶ-ሚ-ላ፣ ሶሉ ከፍ ያለው። ከማሲንቆ ጋር የአንቺ ሆዬን ቅኝት ለማጀብ ሃርሞኒክ ሜጀር የሚባለው ስኬል (የኖታዎች ቅደም ተከተል) ይቀርባል ስለተባለ፣ ከዶ የሚጀምረውን ኮርዶች (አብረው የሚመቱ ድምፆች) አጥንቻለሁ። ነገር ግን ዶ ሜጀርና ሶል ሰቨን በገቡ ቁጥር ዜማው ፈረንጅ ፈረንጅ ይላል። የተሳሳተው ስኬሉ ነው ወይስ የኮርድ ምርጫው? ስድስተኛው ላይ ያለው ኮርድስ ለምን ኦግመንትድ ሆነ?

የአዘዞው፦
መጀመሪያ ስሞቹን እናጥራ። እዚህ ዶ የምንለው በእንግሊዝኛ ቻርት «ሲ» የሚባለው ነው፤ የኛ ሲ ደግሞ እዚያ «ቢ» ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል።

ሃርሞኒክ ሜጀር ማለት ሜጀር ስኬል ሆኖ ስድስተኛው ኖታ ግማሽ ድምፅ የወረደበት ነው፦ ዶ ሬ ሚ ፋ ሶል ላ ፍላት ሲ። ስለዚህ ባለ ሦስት ድምፅ ኮርዶች ውስጥ የሚለወጡት ላ የነበረባቸው ሦስቱ ብቻ ናቸው። ሬ ማይነር ዲሚኒሽድ (አምስተኛው የወረደበት ማይነር) ይሆናል፣ ፋ ሜጀር ደግሞ ማይነር ይሆናል። ላ ማይነር ግን ሥሩ ራሱ ወረደ፤ ከላ ፍላት እስከ ዶ ሁለት ሙሉ ድምፅ፣ ከዶ እስከ ሚም ሁለት ሙሉ ድምፅ ሆነ። ሁለት ሜጀር ሦስተኛ (የሁለት ሙሉ ድምፅ ርቀት) ሲደራረብ ኦግመንትድ ነው።

ቁጥሮቹ በየክሩ የሚጫኑበትን ፍሬት (አንገቱ ላይ በብረቶች የተከፈለውን ቦታ) ያሳያሉ፣ 0 ባዶ ክር ነው፤ ሰቨንና ሃፍ ዲሚኒሽድ የተባሉት አራተኛ ድምፅ የተጨመረባቸው ናቸው። ከሶል ክር ወደ ላ ክር ሲቆጠር፦ ዶ 0003፣ ሬ ሃፍ ዲሚኒሽድ 1213፣ ሚ ማይነር 0432፣ ፋ ማይነር 1013፣ ሶል ሰቨን 0212፣ ላ ፍላት ኦግመንትድ 1003፣ ሲ ዲሚኒሽድ ሰቨን 1212። ከ1013 ወደ 1003 ለመሄድ ሚ ክር ላይ ያለችውን ጣት ማንሳት ብቻ ነው፤ ይህን ሽግግር በደንብ ተለማመደው። 1212 ሦስት ፍሬት ወደ ላይ ቢገፋ (4545) ኖታዎቹ እነዚያው አራቱ ናቸው።

ቅኝት ወዳድ፦
ስኬሉ ትክክል ነው፤ ችግሩ ቤቱ፣ ማለትም ዜማው የሚያርፍበት ኖታ ነው። የአንቺ ሆዬ ርቀት በፒያኖ ልክ ሲጻፍ ግማሽ፣ ሁለት፣ ግማሽ፣ አንድ ተኩል፣ አንድ ተኩል ድምፅ ነው። ከሲ ብትጀምር ሲ ዶ ሚ ፋ ላ ፍላት ይወጣል። አምስቱም በዶ ሃርሞኒክ ሜጀር ውስጥ አሉ፤ የቀሩት ሬና ሶል ቅኝቱ የማያውቃቸው ናቸው። ዶ ሜጀር ውስጥ ሶል አለ፤ ሶል ሰቨን ውስጥ ሁለቱም አሉ። ከዚያም በላይ ሶል ሰቨን ጆሮን ወደ ዶ ይጎትታል፣ ዜማው ግን የሚያርፈው ሲ ላይ ነው።

ስለዚህ በእነዚህ ብቻ ተጫወት፦ ፋ ማይነር 1013፣ ኦግመንትዱ 1003፣ ሚ ሜጀር 1402። የመጨረሻው በስኬሉ የኮርድ ዝርዝር ውስጥ አይጻፍም፤ ሆኖም ሶል ሻርፕ (ግማሽ ድምፅ የወጣ ሶል) እና ላ ፍላት አንድ ፍሬት ስለሆኑ እዚያው ውስጥ ነው ያለው። እጅህ ከለመደ 1413 (ፋ ማይነር ከሚ ጋር) ጨምር፤ አመልካች ጣት የመጀመሪያውን ፍሬት በሙሉ ይተኛበታል።

ማረፊያው ላይ ኮርድ አትፈልግ። ሶል ክርን 4ኛ፣ ላ ክርን 2ኛ ፍሬት ላይ ይዘህ ሁለቱን ብቻ ንቀል፤ ሁለቱም ያው አንድ ሲ ናቸው። ይህ የሚሠራው ሶሉ ከፍ ያለ ከሆነ ብቻ ነው።

ባለክር ጎንደር፦
እግዜር ይስጥልኝ፣ 1402 ጉዳዩን ፈታው። ሁለት ነገር ቀረ፦ ባዶ ክሮቹ ልክ ሆነው 1013 ሲያዝ ድምፁ ከልኩ በላይ ይወጣል። ዘፋኙ ደግሞ ከሬ ነው የሚጀምረው።

የአዘዞው፦
ለሬ ካፖ (ክሮቹን ሁሉ አንድ ፍሬት ላይ የሚጫን መቆንጠጫ) 3ኛው ፍሬት ላይ አድርግና ቅርጾቹን እንዳሉ ያዝ።

መውጣቱ አንገቱ ጫፍ ላይ ክሮቹ የሚያርፉበት ስንጥቅ ከፍ ስላለ ይመስላል። ክሩን 3ኛው ፍሬት ላይ ተጫንና ከመጀመሪያው ፍሬት ብረት ጋር ያለውን ክፍተት እይ፤ ከቀጭን ወረቀት ብዙ ከበለጠ ስንጥቁ በቀጭን ሞረድ ጥቂት ጥቂት እየተባለ ይጠልቃል፣ በየመሃሉ እየለካህ። ካለፈ ባዶው ክር ይንጫጫል፣ መመለሻም አስቸጋሪ ነው። አዲስ ናይሎን ከሆነ ግን መጀመሪያ ጥቂት ቀን ይሳብ፤ ሳይረጋ ሞረድ አይነሳ።

ቅኝት ወዳድ፦
ካፖ ስታስር አታጥብቀው፤ እሱም ድምፁን ያወጣዋል። ሌላው፣ ማሲንቆ ፍሬት የለውም፤ ላ ፍላቱን በጆሮ ነው የሚያስቀምጠው፣ ከፍሬትህ ጋር ሁሌ አይገጥምም። እዚያ ኖታ ላይ ሲቆይ ሶል ክርን ተውና የ1013ን ሦስት ክሮች ብቻ ምታ፤ ዶና ፋ ብቻ ይቀራሉ፣ ግጭቱ ይጠፋል። «ተቀበል» ተብሎ ግጥም ሲሰጥ ደግሞ እጅህን ክሮቹ ላይ አሳርፍ፤ ቃሉ ይሰማ። ማሲንቆው መልሶ ሲገባ በ1003 ግባ።