በፈረንሳይ ገጠር ያለ ታሪካዊ ቤት ለድርጅት ዝግጅት ከመከራየታችን በፊት ስንጎበኝ ምን እንመልከት?

ጥያቄ፦ ዝግጅት አስተባባሪ፣ ፓሪስ

ጤና ይስጥልኝ የተከበራችሁ ወገኖች። በፓሪስ ከተማ የድርጅቶችን ስብሰባና ግብዣ በሚያዘጋጅ አነስተኛ ቢሮ ውስጥ እሠራለሁ። አንድ ደንበኛችን በልዩ ልዩ አገሮች የሚሠሩ 80 ያህል ከፍተኛ ኃላፊዎቹን በመጪው ሴፕቴምበር ሦስተኛ ሳምንት፣ ከሐሙስ እስከ ቅዳሜ፣ ከከተማ ወጣ ባለና ታሪክ ባለው ቤት ሊሰበስባቸው ይፈልጋል። ሐሙስ ማታ አቀባበል፣ ዓርብ ቀን ስብሰባ፣ ዓርብ ማታ ደግሞ ዋናው የክብር እራት ይሆናል። ከእንግዶቹ መካከል ከአዲስ አበባው ቅርንጫፍ የሚመጡ ኢትዮጵያውያን አሉበት።

ለጊዜው ያሰብኳቸው ቦታዎች ቮ ለ ቪኮንት የተባለው ግንብ፣ የሯዮሞን ገዳምና በሎዋር ሸለቆ የሚገኘው የሻምቦር ግንብ ናቸው። ደንበኛው የቮ ለ ቪኮንትን ፎቶግራፍ ካየ ወዲህ ልቡ ወደዚያው አዘንብሏል፤ እኔ ግን ሦስቱንም በዓይኔ ሳላይ ውል ማስፈረም አልፈልግም። የሠራሁት በከተማ ሆቴሎች ስለሆነ ሆቴል ሲጎበኝ ምን እንደሚጠየቅ አውቃለሁ። የሦስትና የአምስት መቶ ዓመት ግንብ፣ ከዚያም የቀደመ ገዳም ሲሆን ግን ጥያቄው ሌላ ይመስለኛል። እንዲህ ዓይነት ቤት ስትጎበኙ በቅድሚያ የምትመረምሩት ምንድን ነው? ለጉብኝቱስ የትኛው ሰዓት ይሻላል? ከሦስቱ ውጭ የምትመክሩኝ ቦታ ካለም በአክብሮት እቀበላለሁ።


መልስ፦ አስጎብኚ፣ ቱር

እኅቴ፣ ከቤቱ በፊት ቀኑን ይመልከቱ። በፈረንሳይ የሴፕቴምበር ሦስተኛ ቅዳሜና እሑድ የታሪክ ቅርስ ቀናት ናቸው። በ1984 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) የተጀመሩ ሲሆኑ በየዓመቱ በእነዚህ ቀናት በሺህ የሚቆጠሩ ታሪካዊ ሕንፃዎች፣ በሌላ ጊዜ ዝግ የሆኑትም ጭምር፣ በራቸውን ለሕዝብ ይከፍታሉ። ዓርብ ማታ የክብር እራት አድርገው ቅዳሜ ጠዋት ወንበርና ጠረጴዛ ሲያነሱ ጎብኚው በር ላይ ተሰልፎ ይጠብቃል ማለት ነው። ብዙ ቤቶች ለዚያ ሳምንት ኪራይ አይቀበሉም፤ የሚቀበሉትም ሌሊቱን ሙሉ ጠርጋችሁ ውጡ ሊሉ ይችላሉ። ደንበኛዎ ቀኑን በአንድ ሳምንት ወደፊት ወይም ወደኋላ ማድረግ ከቻለ ግማሹ ችግር እዚያው ይፈታል።

ሻምቦርን በተመለከተ፣ እኔ በዚህ አካባቢ ስለምኖር በቅርብ አውቀዋለሁ፣ እወደዋለሁም። ቀዳማዊ ፍራንሷ በ1519 ያስጀመረው ይህ ግንብ 426 ክፍሎችና 282 የእሳት ማንደጃዎች አሉት። በዙሪያው ያለው የአደን ደን 5,440 ሄክታር ሲሆን 32 ኪሎ ሜትር በሚረዝም ግንብ የታጠረ ነው። ሁለት ሰው በአንድ ጊዜ አንዱ ሲወጣ ሌላው ሲወርድ ሳይገናኙ የሚተላለፉበት ጥምዝ ደረጃ እንግዶችን ሁሉ ያስደንቃል። ይሁን እንጂ ንጉሡ ራሱ በዕድሜው ሙሉ እዚያ ያደረው ለጥቂት ሳምንታት ብቻ ነው፤ ቤቱ የተሠራው ለአደንና ለግርማ እንጂ ለኑሮ አልነበረም፣ ይህም ጠባዩ ዛሬም አልለቀቀውም። አዳራሾቹ ሰፊና ከፍ ያሉ ስለሆኑ ሙቀት አይይዙም፤ የሴፕቴምበር መጨረሻ ምሽትም በዚያ ጫካ ውስጥ ይበርዳል። ለአንድ ምሽት እራት ግሩም ነው፤ ለሁለት ቀን ስብሰባና ማደሪያ ግን አልመክረውም። በነገራችን ላይ በዚያ ወር አጋማሽ የወንድ አጋዘኖች ጩኸት የሚሰማበት ጊዜ ስለሚጀምር፣ ከሄዱ እንግዶቹን በምሽት ወደ ደኑ ዳር የሚወስድ መሪ ይጠይቁ። ከዋናው እራት ይልቅ ሰዎች በኋላ የሚያነሱት ያንን ነው።

ስለ ጉዞ ደግሞ፣ ከፓሪስ ሞንፓርናስ በፈጣን ባቡር ቱር አጠገብ እስካለው ሴን ፒየር ደ ኮር ጣቢያ አንድ ሰዓት ያህል ይወስዳል። ችግሩ ከጣቢያው በኋላ ነው። በገጠሩ ከምሽት በኋላ ታክሲ እንደ ልብ አይገኝም፤ ስለዚህ አውቶቡሱ እስከ መጨረሻው እንግዳ ድረስ ቆሞ መጠበቅ አለበት። የሾፌሩ የሥራና የዕረፍት ሰዓትም በሕግ የተወሰነ መሆኑን በበጀትዎ ያስገቡ።


መልስ፦ የመስተንግዶ ኃላፊ፣ ሊዮን

ከላይ የተጻፈውን ሁሉ እደግፋለሁ፤ እኔ ግን በምግብ አቅርቦት ሥራ ብዙ ዓመት ስላሳለፍኩ ስለ ጓዳው ልጻፍ። እንደዚህ ያለ ቤት ሲጎበኝ ባለቤቱ ወይም የኪራይ ኃላፊው በዋናው በር ያስገባና በአዳራሹ፣ በሥዕሉ፣ በመስኮቱ በኩል በሚታየው የአትክልት ስፍራ ልብን ይማርካል። እርስዎ በትሕትና አመስግነው ምግቡ በሚገባበት በር እንዲያስገባዎት ይጠይቁ። ታሪካዊው ወጥ ቤት በመዳብ ድስት ያጌጠ ሙዚየም ስለሆነ አይበሰልበትም። ምግብ አቅራቢው በጓሮ ድንኳን ተክሎ፣ የራሱን ምድጃና ማቀዝቀዣ አምጥቶ ነው የሚሠራው። ከዚያ ድንኳን እስከ መጨረሻው ጠረጴዛ ያለውን ርቀት ራስዎ በእግርዎ ሄደው ይለኩት። ደረጃ ካለ፣ ጠጠር ካለ፣ ዝናብ የሚመታው ክፍት ቦታ ካለ፣ ትኩስ ምግብ ለ80 ሰው በአንድ ጊዜ ማድረስ የሚቻለው በብዙ አስተናጋጅ ብቻ ነው። ያ ደግሞ ገንዘብ ነው።

ቀጥሎ የመብራቱን ኃይል ይጠይቁ። የቤቱ መስመር ለሙዚየም መብራት የተሠራ እንጂ ለምድጃ፣ ለድምፅ መሣሪያና ለመድረክ መብራት በአንድነት የታሰበ አይደለም። ጀነሬተር ካስፈለገ የት እንደሚቆም፣ ድምፁ እራቱ ላይ እንደማይሰማ፣ ክፍያውም የማን እንደሆነ በጽሑፍ ይያዙ። አውቶቡስ የሚያልፍበት በር ስፋትም መለካት አለበት፤ የድሮው በር ለሠረገላ የተሠራ ነው። በሎዋር አካባቢ በአንድ ቤት፣ ስሙን ባልጠቅስ ይሻላል፣ አውቶቡሱ በሩን ማለፍ አቅቶት እንግዶች በዝናብ ረጅሙን የዛፍ መንገድ በእግራቸው ሲገቡ አይቻለሁ።

ከሁሉ በላይ ግን ሰዓቱን ይመርምሩ። ለሕዝብ ክፍት የሆነ ቤት ጎብኚ ካልወጣ አዳራሹን አያስረክብም። ቤቱ ማታ በ12 ሰዓት ተዘግቶ እንግዶችዎ በ1 ሰዓት ተኩል የሚገቡ ከሆነ፣ ጠረጴዛ፣ አበባ፣ ብርጭቆና ድምፅ በአንድ ሰዓት ተኩል ውስጥ መዘጋጀት ይኖርበታል። በዚህ ምክንያት ጉብኝቱን በቀትር አያድርጉት። እራቱ በሚበላበት ሰዓት፣ ከተቻለም በዚያው ወር ይሂዱ። ፀሐይ የት እንደምትጠልቅ፣ ከጨለመ በኋላ መንገዱ ምን ያህል እንደሚታይ፣ አዳራሹ እንዴት እንደሚቀዘቅዝ የሚታወቀው ያኔ ነው። ቢዘንብ የሚተካውን ክፍልም አስከፍተው ይዩ፤ በወረቀት ላይ ያለ ክፍል አይበቃም።

ሕጉ ደግሞ ቀልድ አያውቅም። ከዲሴምበር 31 ቀን 1913 ሕግ ወዲህ ታሪካዊ ቅርስ ተብሎ በተመዘገበ ሕንፃ ግድግዳ ላይ ያለ ፈቃድ ምስማር አይመታም። ሕዝብ በሚያስተናግድ ሕንፃ ውስጥ በአንድ ክፍል የሚገቡት ሰዎች ብዛት፣ መውጫ በሮችና የእሳት መከላከያው በደኅንነት ኮሚሽን የሚታዩ ናቸው። ስለዚህ አዳራሹ ስንት ሰው ይይዛል ሳይሆን ስንት ሰው ተፈቅዶለታል ብለው ይጠይቁ፤ ወረቀቱንም ይዩ። ሻማና ርችት በቃል ፈቃድ ብቻ አይያዙ። ብዙ ቤቶች ከተቀበሏቸው ምግብ አቅራቢዎች ዝርዝር ውጭ አያስገቡም፤ ያንንም ዋጋ ከመደራደርዎ በፊት ማወቅ አለብዎት።

ስለ ኢትዮጵያውያን እንግዶች አንድ ነገር ልጨምር። ዋናው እራት ዓርብ ነው ብለዋል፤ ዓርብ የጾም ቀን መሆኑን ፈረንሳዊው ምግብ አብሳይ አያውቅም። ሥጋ የሌለበት ምግብ ብለው ቢያዝዙት ቅቤ፣ ክሬም፣ አይብና እንቁላል ያለበትን በቅን ልቦና ያቀርባል። ከእንስሳት የተገኘ ምንም ነገር የሌለበት ብለው በግልጽ ያስጽፉ፤ ሾርባው የተቀቀለበት ውኃ የአጥንት መረቅ እንዳይሆንም ይጠይቁ። ዓሣን በተመለከተ የእያንዳንዱ ሰው ልማድ ስለሚለያይ እንግዶቹን አስቀድመው ቢጠይቁ መልካም ነው። ሙስሊም እንግዶች ካሉም የሥጋውን ነገር እንዲሁ። ጾመኛው እንግዳ ሰላጣ ብቻ እየበላ ጓደኞቹ አምስት ዓይነት ምግብ ሲቀርብላቸው ማየት ለአስተናጋጅ ትልቅ ነውር ነው።


መልስ፦ የሥነ ሕንፃ ታሪክ ተማሪ፣ ዲዦን

እኔ ደግሞ ከሦስቱ ሯዮሞንን እመርጥልዎታለሁ። ምክንያቱ ውበቱ ብቻ አይደለም። በ1228 በንጉሥ ሉዊ ዘጠነኛ የተመሠረተ የሲስተርሲያን መነኮሳት ገዳም ነው። ከፈረንሳይ አብዮት በኋላ ቤተ ክርስቲያኑ ፈርሶ ሕንፃው የጥጥ መፍተያ ሆነ፤ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የስኮትላንድ ሴቶች ያቋቋሙት ሆስፒታል ሆኖ ቁስለኞችን አስታመመ፤ ከ1964 ጀምሮ ደግሞ የባህልና የሙዚቃ ድርጅት ነው። የመኝታና የስብሰባ ክፍሎች በግቢው ውስጥ ስላሉ እንግዶችዎ ከአልጋ ወደ ስብሰባ፣ ከስብሰባ ወደ እራት በእግራቸው ይሄዳሉ። ከፓሪስ በስተሰሜን 35 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚርቅና ከሻርል ደ ጎል አውሮፕላን ማረፊያም ቅርብ ስለሆነ፣ ከአዲስ አበባ ሌሊቱን በረው ለሚገቡ ሰዎች ሌላ ረጅም ጉዞ አይጨምርባቸውም።

ቤቱ ያሳለፈውን ለእንግዶች መንገር የአዘጋጁ ግዴታ ይመስለኛል። መነኮሳት በዝምታ ይበሉበት በነበረ፣ ቁስለኛ ወታደሮች በተኙበት አዳራሽ ውስጥ ሰው ብርጭቆ ሲያነሣ የት እንደተቀመጠ ማወቅ ይገባዋል። አንዳንድ ድርጅቶች እንዲህ ያለውን ስፍራ በባለ ቀለም መብራትና በአርማ ሸፍነው ማንኛውንም የከተማ አዳራሽ ሲያስመስሉት አዝናለሁ። ያን ከፈለጉ ለምን ያን ያህል ይከፍላሉ? በጉብኝቱ ጊዜ ከኪራይ ኃላፊው በተጨማሪ ቤቱን የሚያውቅ ባለሙያ እንዲያነጋግርዎት ይጠይቁ፤ ከእራቱ በፊት ግማሽ ሰዓት የሚናገር ሰው ካገኙ ከማንኛውም ጌጥ ይበልጣል።

ማደሪያው በግቢው ውስጥ እንዲሆን ከፈለጉ ሁለት ሌሎች ቦታዎችም አሉ። አንደኛው በሶሚር አቅራቢያ የሚገኘው የፎንትቭሮ ገዳም ነው። በ1101 ተመሥርቶ፣ ወንዶችንም ሴቶችንም ሴት እመ ምኔት ታስተዳድርበት የነበረ፣ የእንግሊዝ ንጉሥ ሄንሪ ሁለተኛና ባለቤቱ ኤሌኖር የተቀበሩበት፣ ከናፖሌዎን ዘመን እስከ 1963 እስር ቤት የነበረ ስፍራ ነው። ሁለተኛው ከ1775 እስከ 1779 በክሎድ ኒኮላ ለዱ የተሠራው የአርክ ኤ ሴናን ንጉሣዊ የጨው ፋብሪካ ነው፤ በግማሽ ክብ የተሰደሩት ሕንፃዎቹ ለስብሰባ የተፈጠሩ ይመስላሉ። በእኔ አካባቢ ያለው ክሎ ደ ቩዦ ለትልቅ እራት ዝነኛ ቢሆንም ማደሪያ የለውም። በሴፕቴምበር ደግሞ ወይን የሚለቀምበት ወቅት ስለሆነ በቡርጎኝ የሆቴል ክፍል ማግኘት አስቸጋሪ ነው።


ጠያቂዋ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ስለ ቅርስ ቀናት ለደንበኛው ነግሬው ዝግጅቱን ወደ ቀጣዩ ሳምንት ለማዛወር ተስማምቷል። ነገር ግን ለዓርብ እራት ቮ ለ ቪኮንትን አልተውም ብሏል። እንግዶቹ በሯዮሞን አድረውና ተሰብስበው ለዓርብ እራት ብቻ ወደ ቮ ቢሄዱ እንዴት ይሆናል?


መልስ፦ አስጎብኚ፣ ቱር

ይህን አያድርጉት። ሯዮሞን ከፓሪስ በስተሰሜን፣ ቮ ደግሞ በደቡብ ምሥራቅ 55 ኪሎ ሜትር ያህል ላይ ናቸው። ዓርብ ማታ፣ ፓሪስ ሁሉ ወደ ገጠር በሚወጣበት ሰዓት፣ 80 ሰው በአውቶቡስ ከተማዋን ዞሮ ሲደርስ እራቱ ይቀዘቅዛል፤ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ደግሞ ያንኑ መንገድ ይመለሳል። ደንበኛው በቮ ከጸና ማደሪያውንና ስብሰባውን በፎንቴንብሎ ወይም በባርቢዞን አካባቢ ይያዙ፤ ሁለቱም ከቮ ቅርብ ናቸው።

የደንበኛውን ምኞትም አልነቅፍም። ቮ ለድግስ የተሠራ ቤት ነው። የንጉሡ የገንዘብ ኃላፊ ኒኮላ ፉኬ ኦገስት 17 ቀን 1661 ሉዊ 14ኛን እዚያ ጋብዞ፣ በተከታዩ ወር በንጉሡ ትእዛዝ ታስሮ እስከ ዕለተ ሞቱ ከእስር አልወጣም። ቤቱን የሠሩት ሦስቱ ሰዎች፣ የሕንፃ ንድፍ ባለሙያው ለ ቮ፣ ሠዓሊው ለ ብረንና የአትክልት ስፍራ ነዳፊው ለ ኖትር፣ ኋላ ቬርሳይን የሠሩት ናቸው። የፉኬን ግብዣ የመራው ቫቴል ከአሥር ዓመት በኋላ በሻንቲይ ለዚሁ ንጉሥ ድግስ ሲያሰናዳ፣ የታዘዘው ዓሣ በሰዓቱ አልደረሰም ብሎ ሕይወቱን አጥፍቷል። ይህን ለእንግዶች የሚተርክ ሰው ካገኙ ከዲዦን የተሰጠው ምክር በቮም ይሠራል። የለ ኖትር የአትክልት ስፍራ የሚታየው በብርሃን ስለሆነ እንግዶቹ ፀሐይ ሳትጠልቅ ይግቡ። የበጋ ቅዳሜ ምሽቶች የቮ የሻማ ምሽቶች ስለሆኑ፣ ወደ ቀጣዩ ሳምንት ሲያዛውሩ እራቱ ዓርብ ላይ እንደሚቀር ከቤቱ ጋር ያረጋግጡ።

ከአዲስ አበባ ለሚመጡት የሼንገን ቪዛ ማመልከቻ ከጉዞው ስድስት ወር ቀደም ብሎ ማስገባት ይቻላል። የመጋበዣ ደብዳቤው የሚያድሩበትን ቦታ ስለሚጠቅስ የማደሪያውን ውል ከእራቱ ውል በፊት ይፈርሙ፤ የቀጠሮው ሰዓት እስኪገኝ ጊዜ ስለሚወስድም ስማቸውን ለድርጅቱ የሰው ኃይል ክፍል ከአሁኑ ይላኩ።