የ14 ዓመት ልጅ ስልክ ሰረቀ፤ ይታሰር ወይስ ሙያ ይማር?

የታይዋኗ ነጋዴ (ድሬዳዋ፣ ታይዋን ገበያ)፦ እስቲ ፍረዱ። ከሱቄ በር ላይ ስልኬን መንትፎ ሲሮጥ ተያዘ፤ ስልኩ ግን ከእጅ ወደ እጅ አልፎ ቀረ። ልጁ 14 ዓመቱ ነው አሉ። በማግስቱ ደቻቱ ወንዝ ዳር ኳስ ሲጫወት አየሁት። እኔ የስልኩን ዱቤ ገና እየከፈልኩ ነው። መታሰር የለበትም?

የከዚራው (የከዚራ ሰፈር ልጅ)፦ አለበት እንጂ! አቦ፣ ልጅ ነው ልጅ ነው እያልን አይደል እዚህ የደረስነው? አንድ ወር ገብቶ ይውጣ፣ ሁለተኛ እጁን አይዘረጋም።

ህግ ተማሪዋ፦ ረጋ በል ወንድሜ። በ1996ቱ የወንጀል ህግ ከ9 እስከ 15 ዓመት ያለ ልጅ እንደ አዋቂ አይቀጣም፣ ከአዋቂ ጋርም አይታሰርም። ዳኛው ሊገስጸው ወይም ማረሚያ ሊልከው ይችላል። አንቀጽ 159 ደግሞ ለዘመድ፣ ካልሆነም ለታመነ ሰው እንዲሰጥ ይፈቅዳል። ያ ሰው ፍርድ ቤት ቀርቦ በጽሁፍ ኃላፊነት ይወስዳል።

የከዚራው፦ ማን እብድ ነው ለሌባ የሚፈርመው?

መካኒኩ፦ እብዱ እኔ ነኝ፤ ነገሩ ፍርድ ቤት አልደረሰም እንጂ። ከ3 ዓመት በፊት እንደዚሁ የሰረቀ ሌላ ልጅ ነበር፤ እናቱ፣ ቡና የምታፈላልኝ ሴትዮ፣ «ጋሼ፣ በሞቴ» ብላ አመጣችው። ሁለት ሌሊት ከትልልቆቹ ጋር ታስሮ ነበር። እዚያ ምን ተማረ መሰላችሁ? የተሰረቀ ስልክ የሚከፍት ሰው የት እንደሚገኝ። ጋራዤ በገባ በመጀመሪያው ሳምንት 13 ቁልፌ፣ 13 ቁጥሩ ብሎን መፍቻ፣ ጠፋ። ማን እንደወሰደው ገብቶኛል፣ ዝም አልኩ። በማግስቱ የባጃጅ ጎማ እንዲፈታ አዘዝኩትና «በል 13 ቁልፍ አምጣ» አልኩት። ወላሂ ላቡ ጠብ ጠብ አለ፤ የድሬ ሙቀት ነው እንዳትሉኝ፣ ገና ከጠዋቱ 1 ሰዓት ነበር። ከሰዓት በኋላ ቁልፉ ክሪኩ ስር «ተገኘ»። ዛሬ ሞተር ብቻውን ያወርዳል። ጫቱን አልተወም፣ አንዳንዴም ይቀራል፤ አልዋሽም።

ነጋዴዋ፦ ጎሽ ጋሼ። የኔን ስልክ ግን ማን ይከፍለኛል?

መካኒኩ፦ እውነትሽን ነው ልጄ። እኔ ከኪስ ገንዘቡ በየሳምንቱ እየቆረጥኩ ለተሰረቀበት ሰው ሰጥቻለሁ። ግማሹ እንኳ አልሞላም።

ህግ ተማሪዋ፦ ጋሼ፣ አይቀየሙኝና 14 ዓመት ልጅ መቅጠር ክልክል ነው። በ2011ዱ የአሰሪና ሰራተኛ አዋጅ ለለማጅም ቢሆን ትንሹ ዕድሜ 15 ነው።

መካኒኩ፦ ያን ጊዜ ማን ነገረኝ? እሺ፣ ይሄኛው ትምህርት ቤት ይመለስ። ከትምህርት በኋላ ጋራዥ መጥቶ ደብተሩን ይዞ ይቀመጥ፣ ቱታም አላለብሰውም። ብቻ መንገድ ላይ አይዋል።

የከዚራው፦ ሁለት ቀን ሳይሞላው ቁልፍህን ይዞ ይጠፋል፣ በለኝ።

መካኒኩ፦ 13 ቁልፍ አሁን ሁለት አለኝ።